ሲነሣ ስለሚንቀጠቀጥ የጭነት መኪና፤ የፍሪሲዮን ሸራ ከመግዛት አስቀድሞ ሊመረመር የሚገባው

በቀወት ወረዳና በይፋት ቆላ የሚነግድ ሰው ንብረቱን ወደ አዲስ አበባ ገበያ የሚያደርስበት ዋናው መንገድ አንድ ነው። ሽንኩርት የጫነም ሆነ ማሾ የጫነ መኪና ከሸዋ ሮቢት ተነሥቶ በአርማኒያ በኩል ወደ ደብረ ሲና ይወጣል፤ ጣሊያኖች በወረራው ዘመን ባሠሩት የጣርማበር ዋሻ ውስጥ አልፎም ወደ ደብረ ብርሃን ይዘልቃል። ሸዋ ሮቢት ከባሕር ወለል በላይ 1,280 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ስትገኝ የጣርማበር አናት ከ3,000 ሜትር በላይ ነው። እስከ አዲስ አበባ ያለው ርቀት 225 ኪሎ ሜትር ገደማ ቢሆንም፣ ከዚህ ሁሉ ውስጥ መኪናን አብዝቶ የሚፈትነው የመጀመሪያው 50 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። በዚህ አጭር ርቀት የተጫነ መኪና ከ1,700 ሜትር በላይ ሽቅብ ይወጣል።

የዚህን ዳገት ዕዳ ከሁሉ አስቀድሞ የሚከፍለው የመኪናው ፍሪሲዮን ነው። ስለዚህ በጋራዥ ደጃፍ አዘውትሮ ከሚሰማው ስሞታ አንዱ «መኪናዬ ሲነሣ ይንቀጠቀጣል» የሚል ነው። ባለ ንብረቱ ይህን ተናግሮ ሳይጨርስ «ሸራውን ለውጥልኝ» ይላል፤ መካኒኩም እንደ ታዘዘው አሮጌውን ሸራ አውጥቶ አዲሱን ያስገባል። መኪናውም ለጥቂት ሳምንታት ደኅና ሆኖ ይሠራና መንቀጥቀጡ እንደ ቀድሞው ይመለሳል። በዚህ ጊዜ ሸራውን የሸጠው ባለ ሱቅ ይወቀሳል፤ ሾፌሩ ይወቀሳል፤ መካኒኩም ይወቀሳል። ይህ ጽሑፍ የቀረበው ሸራው ብዙውን ጊዜ ተበዳይ እንጂ በዳይ አለመሆኑን፣ በዳዩም ገንዘብ ከመውጣቱ በፊት ሊታወቅ የሚችል መሆኑን ለክቡራን ነጋዴዎቻችን ለማስረዳት ነው።

የፍሪሲዮን አሠራር አስቸጋሪ አይደለም። ከሞተሩ ጀርባ ቮላኖ የሚባለው ከባድ የብረት መንኰራኵር ከሞተሩ ጋር አብሮ ይዞራል። በቮላኖው ላይ የታሰረ ሌላ የብረት ሳህን አለ፤ ይህም በብርቱ ሞላ እየተገፋ የሚጫን በመሆኑ መጫኛ ሳህን ልንለው እንችላለን። በቮላኖውና በመጫኛው መካከል የገባው ሸራ የለበሰው ክብ ዲስክ ሲሆን፣ እርሱ ወደ ካምቢዮ በሚገባው ዘንግ ጥርሶች ላይ ይቀመጣል። ሾፌሩ መርገጫውን ሲረግጥ ኩሽኔታው የሞላውን ጣቶች ይገፋል፤ መጫኛው ሸራውን ይለቃል፤ ሞተሩ ብቻውን ይዞራል። እግሩን ቀስ አድርጎ ሲያነሣ ግን ሸራው በሁለቱ ብረቶች መካከል ይጣበቅና የሞተሩ ኃይል ወደ ጎማ ይሄዳል። መኪናው ያለ ግርግር እንዲነሣ ይህ መጣበቅ ከመንሸራተት ጀምሮ ቀስ በቀስ እየጠነከረ መሄድ አለበት።

መንቀጥቀጥ የሚመጣው ሸራው ቀስ በቀስ በመያዝ ፈንታ መያዝና መልቀቅን ሲያፈራርቅ ነው። የመሰንቆን ደጋን ያስተዋለ ሰው ነገሩን ወዲያው ይረዳዋል። የደጋኑ ጭራ የመሰንቆውን ጭራ ጥቂት ይዞ ይጎትተዋል፤ ይለቀዋል፤ እንደ ገና ይይዘዋል፤ ድምፁም ከዚህ ይወለዳል። መሰንቆ መቺው ደጋኑን ዕጣን የሚቀባው ይህ መያዝና መልቀቅ እንዲጠነክርለት ነው። በመኪና ላይም በሴኮንድ ከ5 እስከ 20 ጊዜ ያህል እንዲህ ያለ መፈራረቅ ሲደርስ ካቢናው በሙሉ ይርገፈገፋል፤ ጭነቱም ይናወጣል። ይህ ነገር ከሌላ ሁለት ሕመሞች ጋር እንዳይምታታ ያስፈልጋል። ሞተሩ እየጮኸ መኪናው ዳገት አልወጣ ካለ ፍሪሲዮኑ ይንሸራተታል ማለት ነው። መርገጫው እስከ ታች ተረግጦ ማርሽ አልገባ ካለ ደግሞ ፍሪሲዮኑ አልለቀቀም ማለት ነው። የእነዚህ ምክንያት ሌላ ነው።

የእኛ መንገድ በፍሪሲዮን ላይ የሚያደርሰውን ለመገመት ጥቂት ሒሳብ ይበቃል። ከነጭነቱ ሰባት ቶን የሚመዝን መኪና ከመቶ ሜትር አሥር ሜትር ሽቅብ በሚወጣ ዳገት ላይ ቆመ እንበል። ከፊቱ ከብት ይሻገራል፤ ወይም ሌላ መኪና መንገድ ዘግቷል። ሾፌሩ የእጅ ፍሬን ከመሳብ ይልቅ ፍሪሲዮኑን ግማሽ ይዞ፣ ነዳጅ ጥቂት እየሰጠ መኪናውን ባለበት ያቆየዋል፤ ሾፌሮች ይህን ባላንስ መያዝ ይሉታል። በዚህ ጊዜ ሞተሩ የሚያወጣው ኃይል አንዳች መንገድ ሳይሄድበት በሙሉ በሸራው ላይ ሙቀት ሆኖ ይቀራል። በመጀመሪያ ማርሽ የሚዞረውን ሞተር ፍጥነት አስበን ብናሰላው ወደ 14 ኪሎ ዋት የሚጠጋ ሙቀት ይሆናል። ይህ ማለት አራት የኤሌክትሪክ የእንጀራ ምጣዶች በአንድ ጊዜ ግለው በአንዲት የተዘጋች የብረት ከበሮ ውስጥ እንደ መግባታቸው ነው። አንድ ደቂቃ እንዲህ ያደረገ ሾፌር በሜዳ መንገድ ብዙ ቀን ከሚሠራው የበለጠ ሸራውን ይጎዳል። በዚያ ላይ ከባሕር ወለል ከፍ እየተባለ በተሄደ መጠን አየሩ ስለሚሳሳ፣ ተርቦ የሌለው ሞተር በየመቶ ሜትሩ ከኃይሉ አንድ በመቶ ያህል እየቀነሰ ይሄዳል። በደብረ ሲና አካባቢ ቆሞ የሚነሣ መኪና በሸዋ ሮቢት ከነበረው ኃይል ጥቂት ጎድሎበት ነው የሚነሣው፤ ሾፌሩም ይህን ለማካካስ ነዳጅ አብዝቶ ይሰጣል፤ ፍሪሲዮኑንም አስረዝሞ ያንሸራትታል።

እንዲህ ያለ ሙቀት ሲደጋገም ሁለት ነገር ይደርሳል። አንደኛው የሸራው ፊት ተቃጥሎ እንደ መስተዋት ያብረቀርቃል፤ ይህም ሸራ በልዝብነት መያዙን ያጣል። ሁለተኛውና የከፋው ሙቀቱ ቮላኖውን መንካቱ ነው። ቮላኖ ከተቀለጠ ብረት ተቀርጾ የሚሠራ ስለ ሆነ፣ ፊቱ ከ700 ዲግሪ በላይ ሲግልና ወዲያው ሲቀዘቅዝ በዚያች ቦታ የብረቱ ባሕርይ ይለወጣል። ሰማያዊ ወይም ጥቁር ነጠብጣብ ይታይበታል፤ ቦታውም ከሌላው ብረት ይልቅ ጠንካራና ጥቂት ያበጠ ይሆናል። አዲስ ሸራ እንዲህ ባለ ቮላኖ ላይ ሲታሰር በአበጠው ቦታ ላይ ብቻ ይይዛል፤ ሌላውን ይስታል፤ ስለዚህ ገና ከመጀመሪያው ቀን ለመንቀጥቀጥ የተዘጋጀ ነው። አዲስ ሸራ ገብቶ መንቀጥቀጡ የሚመለስበት አንዱ ትልቅ ምክንያት ይህ ነው።

ሌላው ምክንያት ዘይት ነው። የሞተሩ ዋና ዘንግ በስተ ኋላ በኩል ዘይት እንዳያሳልፍ የሚያግድ ጎሚኒ አለ፤ በካምቢዮው መግቢያ ዘንግ ላይም ሌላ አለ። ከሁለቱ አንዱ ሲደርቅ ወይም ሲቀደድ ጥቂት ጠብታ ወደ ፍሪሲዮኑ ቤት ይገባል። ቮላኖው በፍጥነት ስለሚዞር ጠብታውን በየአቅጣጫው ይረጨዋል፤ ሸራውም ይጠጣዋል። ዘይት የነካው ሸራ አንዳንድ ቦታ ይይዛል፤ አንዳንድ ቦታ ያሟልጫል። አንዳንድ ሰዎች ይህን ሸራ በቤንዚን አጥበው፣ በእሳት አድርቀው መልሰው ያስገቡታል። ዘይቱ ወደ ሸራው ውስጥ ሰርጎ ስለ ገባ ሙቀት ባገኘ ጊዜ ተመልሶ ይወጣልና ልፋቱ ከንቱ ነው፤ በቤንዚንም እሳት መለኰስ ለሠራተኛው አደገኛ ነው።

የዚህ ጽሑፍ አቅራቢ የሚሠራበት የእህልና የሽንኩርት ንግድ ቤት አንድ አይሱዙ የጭነት መኪና አለው። በአንድ ዓመት ውስጥ የወጪ መዝገቡን በማጠቃልልበት ጊዜ በሰባት ወር ውስጥ ሦስት የፍሪሲዮን ሸራ ደረሰኞች ተከታትለው አገኘሁ። አሠሪዬ ነገሩን በሾፌሩ አነዳድ አሳብበው ከሁለተኛው ሸራ ዋጋ ግማሹ ከደመወዙ እንዲቀነስ አዝዘው ነበር። ደረሰኞቹን ጎን ለጎን አስቀምጬ ሳነብ ግን ሌላ ነገር ታየኝ፤ በእነዚያው ወራት የሞተር ዘይት መጨመሪያ ወጪ ከወትሮው እጥፍ ሆኗል። «ጋሼ፤ ይህ ሁሉ ዘይት ወዴት ሄደ?» ብዬ መዝገቡን አቀረብኩላቸው። እርሳቸውም ጥቂት ዝም ብለው ከቆዩ በኋላ መኪናው ወደ ሌላ መካኒክ እንዲሄድ አዘዙ። ካምቢዮው ሲወርድ የሞተሩ የኋላ ዘይት አጋጅ ጎሚኒ ደርቆ ተሰንጥቆ ተገኘ። ዋጋው ከሸራው ጋር ሲነጻጸር እዚህ ግባ የማይባል ነበር። ቀደም ሲል ሁለት ጊዜ ሸራ የለወጠው ጋራዥ ካምቢዮውን ሁለት ጊዜ ሲያወርድ ይህን ጎሚኒ ቀና ብሎ አለማየቱ የሚያስገርም ነው። ለሾፌሩ የተቀነሰበት ገንዘብ በሚቀጥለው ወር ተመለሰለት። ሆኖም ከሦስቱ ብልሽቶች አንዱ የደረሰው ሽንኩርት ተጭኖ በመንገድ ላይ ሳለ ነበርና፣ ጭነቱ ሁለት ቀን በፀሐይ ቆይቶ ከፊሉ መበስበሱን የሚመልስ አልተገኘም።

እንግዲህ ካምቢዮ ሳይወርድ ባለ ንብረቱ ራሱ ቆሞ ሊያያቸው የሚችላቸው ነገሮች አሉ። ከሁሉ አስቀድሞ መንቀጥቀጡ መቼ እንደሚመጣ ሾፌሩን በወግ መጠየቅ ነው። መኪናው በሚነሣበት ቅጽበት ብቻ ከሆነና ፍሪሲዮኑ በሙሉ ከተለቀቀ በኋላ ከቆመ፣ ጥርጣሬው ወደ ፍሪሲዮንና ወደ ሞተር መቀመጫ ይሄዳል። በጉዞ ላይም ከቀጠለ ግን ከካምቢዮ ወደ ኋላ የሚሄደውን ዘንግ፣ ክሮቼራውንና በዘንጉ መካከል ያለውን ኩሽኔታ ማየት ይሻላል። ጠዋት ብቻ ተንቀጥቅጦ ሁለት ሦስት ጊዜ ከተነሣ በኋላ የሚተው ከሆነ፣ ብዙውን ጊዜ ሌሊት በቮላኖው ፊት ላይ ያደረ እርጥበትና ስስ ዝገት ነው፤ በተለይ በክረምት ብዙ ቀን ቆሞ ለሰነበተ መኪና ይህ የተለመደ ነው፤ ገንዘብም አያስወጣም። ከሞቀ በኋላ የሚብስ ከሆነ የተቃጠለ ሸራና ነጠብጣብ ያወጣ ቮላኖ ይጠረጠራል። ቀዝቃዛም ቢሆን ትኩስም ቢሆን የማይለይ ከሆነ ዘይት ወይም የሞተር መቀመጫ ጎሚኒ ሊሆን ይችላል።

የሞተር መቀመጫ ጎሚኒን መመርመር ቀላል ቢሆንም ጥንቃቄ ይፈልጋል። መኪናው በሜዳ ላይ ይቁም፤ ከጎማዎቹ ፊትና ኋላ ድንጋይ ይደረግ፤ የእጅ ፍሬን ይሳብ፤ ሾፌሩም የእግር ፍሬኑን አጥብቆ ይርገጥ። ማንም ሰው ከመኪናው ፊት ወይም ኋላ አይቁም። ከዚያ ሾፌሩ ማርሽ አስገብቶ ፍሪሲዮኑን ጥቂት ብቻ ለቀቅ አድርጎ ወዲያው ይርገጠው። ሌላ ሰው ከጎን ሆኖ ሞተሩን ይመልከት፤ እንደ አይሱዙ ካቢናው የሚታጠፍ ዓይነት ከሆነ ካቢናው ሳይነሣ በጎን በኩል በባትሪ ብርሃን ማየት ይቻላል። ሞተሩ በትንሹ ዘንበል ቢል ደንብ ነው። ከቦታው የሚዘል ወይም የሚያጓራ ከሆነ ግን ጎሚኒው ተቀድዷል። የተቀደደ ጎሚኒ ሞተሩ እንዲወዛወዝ ስለሚፈቅድ ሸራው ምንም እንከን ሳይኖርበት መኪናው ይንቀጠቀጣል። እንዲህ ያለው ብልሽት ካምቢዮ ሳይወርድ በግማሽ ቀን ይታደሳል። ባለ ንብረቱ በዚህ ምክንያት ብቻ ሙሉ የፍሪሲዮን ዕቃ መግዛቱ ገንዘብን ወደ ወንዝ እንደ መጣል ነው። የባሌስትራ ማሰሪያዎች መላላትም ተመሳሳይ ነገር ስለሚያመጣ በዚያው አብሮ ይታይ።

ከዚያ ቀጥሎ የፍሪሲዮኑን ቤት ከታች መመልከት ነው። በብዙ መኪናዎች ላይ በቤቱ ታችኛ ክፍል አንዲት ትንሽ ቀዳዳ አለች። በእርስዋ ዙሪያ ዘይት ካለ በነጭ ጨርቅ ነክቶ ማሽተት ነው። ጥቁርና ቀጭን ከሆነ የሞተር ዘይት ነው፤ ወፍራም ሆኖ የዲን ሽታ የሚሸት ከሆነ የካምቢዮ ዘይት ነው። የትኛው ጎሚኒ እንደሚለወጥ ከዚሁ ይታወቃል። ይህን ለማድረግ መካኒክ መሆን አያሻም፤ በርበሬ አሽትቶ የሚገዛ ነጋዴ ዘይት አሽትቶ መለየት አያቅተውም።

ካምቢዮው የግድ የሚወርድ ከሆነ ባለ ንብረቱ ወይም ተወካዩ በዚያ ሰዓት ቢገኝ መልካም ነው። ምክንያቱም አሮጌው ዕቃ ራሱ ምስክር ነው። አንዱ ወገን ብቻ የተበላ ሸራ መጣመምን ያሳያል፤ እንደ መስተዋት ያብረቀረቀው መቃጠልን፤ ረግቦ የጠቆረው ዘይትን። ስለ ልኩ ቶዮታ በጥገና መጽሐፎቹ የሚሰጠው ቁጥር ለአነስተኛ መኪናዎች ጥሩ መመሪያ ይሆናል። ሸራውን ከዲስኩ ጋር የያዙት ሪቬቶች ከሸራው ፊት ቢያንስ 0.3 ሚሊ ሜትር ጠልቀው መገኘት አለባቸው። ዲስኩ ሲዞር መዋዠቁ ከ0.8 ሚሊ ሜትር፣ የቮላኖው ፊት መዋዠቅ ከ0.1 ሚሊ ሜትር፣ የሞላው ጣቶች ከፍታ ልዩነት ከ0.5 ሚሊ ሜትር መብለጥ የለበትም። 0.1 ሚሊ ሜትር የአንዲት የጢም ምላጭ ውፍረት ነው። በዓይን ታይቶ «ደኅና ነው» የሚባል ነገር አለመሆኑን አንባቢው ከዚህ ይረዳል፤ የመለኪያ መሣሪያ ያለው ጋራዥ መምረጥ ያስፈልጋል። ለከባድ መኪናዎች የፋብሪካቸው መጽሐፍ የራሱን ልክ ይሰጣል።

ነጠብጣብ ያወጣ ቮላኖ ወደ ቶርኖ ቤት ይላካል። በዚህ ላይ አንድ ነገር መታወቅ አለበት። የቶርኖው ስለት የጠነከረችው ቦታ ላይ ሲደርስ ስለሚዘል፣ ነጠብጣቡ ተቆርጦ በመጥፋት ፈንታ እንደ ትንሽ ጉብታ ሊቀር ይችላል። ስለዚህ በሚዞር የመፍጫ ድንጋይ ማስተካከል የሚቻልበት ቦታ ቢገኝ ይመረጣል። ተፈጭቶ ካበቃ በኋላም ሰማያዊው ቀለም ካልጠፋ ጉዳቱ ወደ ውስጥ የዘለቀ ነውና ቮላኖውን መለወጥ ነው። ፋብሪካው ከወሰነው ልክ በላይ መፋቅም ክልክል ነው። አንዳንዱ ቮላኖ መጫኛው የሚታሰርበት ፊት ከሸራው ፊት ከፍ ወይም ዝቅ ያለ ስለ ሆነ፣ ከአንዱ የተፋቀው ያህል ከሌላውም ካልተፋቀ የመጫኛው ኃይል ይዛባል። በአዳዲስ የናፍጣ መኪናዎች ላይ የሚገኘው በሁለት ክፍል ተሠርቶ በመካከሉ ሞላ ያለበት ቮላኖ ግን ለቶርኖ የሚሰጥ አይደለም፤ ሲበላሽ ይለወጣል፤ ዋጋውም ውድ ነው። ያገለገለ መኪና የሚገዛ ሰው ይህን አስቀድሞ ቢጠይቅ ኋላ አይደነግጥም።

አዲሱ ዕቃ በሚገባበት ጊዜ የሚደረግ ግድየለሽነትም መንቀጥቀጥን ይወልዳል። በእኔ አስተያየት ከሁሉ የሚከፋው ካምቢዮውን በዲስኩ ላይ ማንጠልጠል ነው። ካምቢዮው ከሞተሩ ጋር ሊገጥም ሲል ክብደቱ በሙሉ በዲስኩ እምብርት ላይ ለጥቂት ደቂቃ እንኳ ቢያርፍ ዲስኩ ይጣመማል፤ መኪናውም ከጋራዡ ሳይወጣ መንቀጥቀጥ ይጀምራል። በሚገባ የተያዘ ክሪክ ወይም ሁለት ብርቱ ሰዎች ይህን ያስቀራሉ። የመጫኛው ቡሎኖችም በአንድ ወገን ጠብቀው ሳያልቁ፣ በተቃራኒ እየተፈራረቁ ቀስ በቀስ መጥበቅ አለባቸው። አዲስ መጫኛ ከፋብሪካ ሲመጣ ዝገት መከላከያ ዘይት ስለሚቀባ በንጹሕ ጨርቅና በሚያደርቅ ፈሳሽ ይጠረግ። በዘንጉ ጥርሶች ላይ የሚደረገው ግራሶም ስስ ይሁን፤ የበዛው ተረጭቶ ሸራውን ይነካል። የአሮጌ ሸራ ብናኝ ደግሞ በኮምፕሬሰር አየር አይነፋ። ቀድሞ ይሠሩ የነበሩ ሸራዎች አስቤስቶስ የነበረባቸው ሲሆን፣ ብናኙ በሳንባ ገብቶ ከብዙ ዓመት በኋላ ነቀርሳ የሚያመጣ መሆኑ ተረጋግጧል። ብናኙን በእርጥብ ጨርቅ መጥረግ ምንም ወጪ የለውም።

አሁን ወደ አስመጪዎችና ወደ ባለ ሱቆች ጉዳይ እንለፍ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ከውጭ የሚገባ የመለዋወጫ ዕቃ ሁሉ በብር ሲታሰብ ዋጋው ጨምሯል። በዚያው ዓመት በጥር ወር የትራንስፖርትና ሎጂስቲክስ ሚኒስቴር ከኤሌክትሪክ መኪናዎች በቀር ሌሎች አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መከልከሉን አስታውቋል። የኤሌክትሪክ አውቶሞቢል ፍሪሲዮን የለውም፤ ስለዚህ ባለ ሱቁ ይህ ንግድ ሊዘጋ ነው ብሎ ሊያስብ ይችላል። ነገሩ ግን ለብዙ ዓመታት የተገላቢጦሽ ሳይሆን አይቀርም። በአገር ውስጥ ያሉት በማርሽ የሚነዱ አውቶሞቢሎች የሚተካቸው እስኪበዛ ድረስ ከቀድሞው ይልቅ ረጅም ዕድሜ ማገልገል ይኖርባቸዋል፤ የሚያረጅ መኪና ደግሞ ዕቃ ይፈልጋል።

ስለዚህ በመርካቶ ሶማሌ ተራም ሆነ በሸዋ ሮቢት ሱቅ ፍሪሲዮን የሚሸጥ ሰው ሸራውን ለብቻው ከመሸጥ ይልቅ ሸራውን፣ መጫኛውንና ኩሽኔታውን በአንድነት፣ ከዘይት አጋጅ ጎሚኒው ጋር ቢያቀርብ ለገዢውም ለራሱም ይበጃል። ካምቢዮ አንድ ጊዜ ለማውረድ የሚከፈለው የእጅ ዋጋ ያው ስለ ሆነ፣ ርካሹን ጎሚኒ በዚያው ጊዜ አለመለወጥ ቁጠባ አይባልም። ለማዘዝ የመኪናውን ስም ብቻ መናገር አይበቃም። የሻንሲው ቁጥር፣ የዲስኩ ስፋት በሚሊ ሜትርና በእምብርቱ ውስጥ ያሉት ጥርሶች ቁጥር ተጽፎ ይላክ፤ አንድ ዓይነት ስም ያላቸው ሁለት አይሱዙዎች የተለያየ ዲስክ የሚይዙበት ጊዜ አለ። እንደ አይሲን፣ ኤክሴዲ፣ ሳክስ፣ ሉክና ቫሌዮ ያሉ የታወቁ ፋብሪካዎች ስም በካርቶን ላይ ስለ ታተመ ብቻ ዕቃው የእነርሱ ነው ማለት አይደለም። ገዢው ሪቬቶቹ በእኩል ርቀት መቀመጣቸውን፣ የእምብርቱ ሞላዎች አለመላላታቸውን፣ በዕቃው ላይ የተቀረጸው ቁጥር በካርቶኑ ላይ ካለው ጋር መግጠሙን አይቶ ይግዛ። ከአስቤስቶስ ነጻ መሆኑ እንዲጻፍለትም አስመጪው በትእዛዝ ደብዳቤው ላይ ቢገልጽ ተገቢ ነው።

ስለ ሾፌር ደመወዝ መቀነስ አንድ ቃል ልጨምር። አሠሪ የተቃጠለ ሸራ ባየ ቁጥር ዋጋውን በሾፌሩ ላይ የሚጥልበት ልማድ በአንዳንድ ቤት አለ። ባላንስ እየያዘ ዳገት ላይ የሚያቆም ሾፌር በእርግጥ ሸራ ያቃጥላል፤ ይህም በሸራው መስተዋትነትና በቮላኖው ሰማያዊ ነጠብጣብ ይታወቃል። ሸራው ዘይት ጠጥቶ የተገኘ እንደ ሆነ ግን፣ ጎሚኒው የተቀደደው በሾፌሩ እግር አይደለም። ከልኩ በላይ ጭኖ ወደ ጣርማበር የላከ ባለ ንብረትም የሸራውን መቃጠል በሾፌሩ ብቻ ማሳበብ አይችልም። እንግዲህ አሮጌው ሸራ በአሠሪው፣ በሾፌሩና በመካኒኩ ፊት ሳይታይ ከማንም ደመወዝ ምንም ባይቀነስ ፍትሕ ነው። አሮጌውን ሸራ ከጋራዥ ተቀብሎ ከደረሰኙ ጋር ማስቀመጥም የጸሐፊው ሥራ ቢሆን ይገባል። በእኛ ቤት ከዚያ ወዲህ እንዲሁ ይደረጋል፤ በመዝገብ ቤቱ መደርደሪያ ሥር አራት አሮጌ ዲስኮች ቀንና ኪሎ ሜትር ተጽፎባቸው ተቀምጠዋል።

አዲስ ሸራ የገባለት መኪና ወዲያው ሙሉ ጭነት ተጭኖበት ወደ ደብረ ሲና መላክ የለበትም። የሸራው ፊት ከቮላኖው ፊት ጋር እስኪላመድ ድረስ የመጀመሪያውን 500 ኪሎ ሜትር ያህል በቀላል ጭነትና በተደጋጋሚ ለስላሳ አነሣሥ ቢሠራ ይመረጣል። ለእኛ አገር ሰው ይህ አይከብድም፤ መኪናው በእነዚያ ቀናት በሸዋ ሮቢትና በአጣዬ መካከል፣ እንዲሁም ወደ ሰንበቴ ገበያ ባለው ቆላማ መንገድ ይመላለስ። በዚህ ጊዜ ጥቂት መንቀጥቀጥ ቢሰማ እየቀነሰ መሄዱን መጠበቅ ነው። ከ500 ኪሎ ሜትር በኋላ የማይቀንስ ከሆነ ግን መኪናው ሽንኩርት ሳይጫንበት ወደ መካኒኩ ይመለስ፤ ደረሰኙም አብሮ ይያዝ።